የኡስታድ ነውሼር ስም

የልጄ ልጅ ምሕራብ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እዚህ ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ ከተማ የጭነት መኪና መናኸሪያ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በመምህሩ በኡስታድ ነውሼር ሥር አደገ፤ ብሩሽ አጠበ፣ ቀለም በጠበጠ፣ ኋላም በመኪኖች ጀርባ ላይ ወፍና አበባ ሣለ። እኔም በስተርጅናዬ ፊደል የለየሁት እሱ ከሥዕሉ በታች ከሚጽፋቸው ግጥሞች ነው።

በቀቢዎች ደንብ ተማሪ የራሱን ስም አይፈርምም። መምህሩ በሰው ፊት ጥምጥም አስሮለት በስምህ ፈርም እስኪለው ድረስ የሥዕሉ ጥግ ላይ የሚሰፍረው የመምህሩ ስም ነው። ኡስታድ ነውሼር ጥምጥሙን ሳያስርለት ሳንባው ታሞ ሞተ። ከዚያ ባለመኪኖቹ የታተመ ተለጣፊ ወደዱ። የኡስታዱ ሥዕል ያለባቸው አሮጌ መኪኖች አንድ በአንድ ተቆራርጠው አለቁ።

ምሕራብ ቀን ተለጣፊ እየለጠፈ፣ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። መኪና የሚነዳበት አንድ ጌም አለ። የጌሙን ውስጥ ከፍቶ የኡስታዱን መኪኖች ከትዝታውና ከደበዘዙ ፎቶዎች እየሣለ ያስገባበት ጀመር። አምስት ዓመት ፈጅቶ አሥራ ዘጠኝ መኪና ጨረሰ። በሁሉም ጥግ ላይ «ነውሼር» ብሎ ፈረመ፤ በተጫዋቾቹ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለሁሉም በነጻ ሰጠ።

ተጫዋቾቹ መጀመሪያ አነገሡት። አንዱ የሟች አባቴን መኪና ነዳሁ ብሎ እንዳለቀሰ ጻፈለት። ጌም የሚነካካ ሁሉ አጭበርባሪ ነው የሚሉም ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ቀጣዩ መኪና ለምን ዘገየ ብለው እንደ ጌታ ይቆጡታል። ምሕራብ እኔን አያቱን ናኒ ጃን እያለ ይስቅ ነበር።

«ናኒ ጃን፣ ዛሬ ወሊይ፣ ቅዱስ ሰው ነኝ። ነገ መብራት ጠፍቶ ከዘገየሁ ሌባ ነኝ።»

ባለፈው ክረምት አንድ ተጫዋች ነውሼር ማነው ብሎ ጠየቀ። በእነሱ ዘንድ የሌላውን ሥራ ወስዶ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ይቅር አይባልም። ምሕራብ የቀቢዎችን ደንብ አስረዳቸው። ሳቁበት። መምህሬ ሞተ የማይል ሌባ የለም አሉት፤ ያንተ ከሆነ ስምህ የታለ አሉት። የገጹ ኃላፊዎችም በሁለት ቀን ማስረጃ ካላመጣህ መኪኖቹ ይነሣሉ ብለው ጻፉ።

እህል አልወርድ አለው። 

«ስምህን ጻፍበትና ይብቃቸው» አልኩት።

«ጥምጥሙን አላሰረልኝም፣ ናኒ ጃን።»

«ሙት ጥምጥም አያስርም፣ ልጄ። የደከመው ያንተ እጅ ነው።»

 ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠና ከአሥራ ዘጠኙም ላይ «ነውሼር» የሚለውን አንድ በአንድ እያጠፋ «ምሕራብ» ብሎ ጻፈ። እኔ አጠገቡ ሆኜ ሻይ አቀብለው ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

የመጀመሪያውን መልስ ከእሱ ቀድሜ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«አያችሁ? ሌባው የባለቤቱን ስም ፋቀ።»

ሌላው ሁሉ ተከተለው። ስለ አባቱ ያለቀሰው ሰው እንኳ አፈርኩብህ አለው። አሥር ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ ምሕራብን ከማኅበራቸው አስወጡት፣ መኪኖቹንም አነሡ።

ኮምፒውተሩ ላይ የቀሩትን ደግሞ ራሱ አጠፋቸው። አንዴ የፋቅሁትን የኡስታዱን ስም መልሼ አልጽፍም፤ ስሙ የሌለባቸውንም አላስቀምጥም አለ። እጁን ይዤ ለመንኩት፤ ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምሳውን ይዤለት መናኸሪያ ሄድኩ። አንድ መኪና ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ጀርባው ላይ የታተመ አበባ አለ፤ ምሕራብ ራሱ ጠዋት የለጠፈው ነው። ድሮ እንዲህ ያለ መኪና ሲያልፍ «ጥጉን አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። አሁን እኔ ስም ፈለግሁ፤ ጥጉ ባዶ ነው።

«ይኼ የማን ሥራ ነው?» አልኩት።

«የማንም» አለኝና ከጣቱ ላይ የደረቀ ሙጫ መላጥ ጀመረ።