ሲዋሽ የሚቆም እጅ

ሹፌሩን ሰፈሩ በሙሉ «ፍሬቻ» ነው የሚለው። ፍሬቻ ስለሚያበራ እንዳይመስላችሁ። አውቶቡሱ ላይ ሲቀመጥ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ኑሮው ላይ ግን ወዴት እንደሚታጠፍ ሳያሳይ ነው የሚታጠፈው። ሲጋራ ማቆሙን ሚስቱ የሰማችው ከጎረቤት ነው። መንጋጋውን ማስነቀሉን ያወቀችው «ሾርባ ነገር የለም?» ሲላት ነው። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናዋ ይዞታል፣ ግማሹን ደግሞ ተቆልሎ ተራ የሚጠብቅ የሰው ልብስ። የባሏን ድንገተኛ መታጠፍ ለምዳዋለች፤ እንደ ቆመ ተሳፋሪ ሁሌም የሆነ ነገር ጨብጣ ነው የምትኖረው።

አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ጊታር አንግቶ ገባ። ይሄንን አልቻለችውም።

በዚያ ቤት ጊታር ስሙ አይነሳማ። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። ጊታር ብላ ትምህርቷን ስትተው አባቷ ሰው በተሰበሰበበት «ያንን እንጨት ይዘሽ ይሄን ደጃፍ እንዳትረግጪ!» አላት። ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናት፤ «እሺ» አለችና እንጨቷን ይዛ ወጣች። ከገበያው ማዶ አንድ ክፍል ተከራይታ ጊታር እያስተማረች ትኖራለች። አባትየው ከዚያ ወዲህ ስሟን አንስቶ አያውቅም። እናትየው ግን ሐሙስ ሐሙስ «ደንበኛ ጋ ልብስ ላድርስ» ትልና ከረጢቷን ይዛ ወደ ልጇ ትሄዳለች። ይሄን የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

«ምንድነው ይሄ?» አለችው።

«ጊታር።»

«ጊታር መሆኑንማ ዓይን አለኝ።»

«የሥራ ጓደኛዬ አዋሰኝ። ጭንቀት ይቀንሳል አሉ።»

«የማን ጭንቀት?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ይቆረቁረው ጀመር። ዓይኗ ማንገቻው ላይ አረፈ። አመድማ ጨርቅ ነው፣ በእጅ የተሠራ። ሱቅ የተገዛ አይደለም። ጨርቁ ደግሞ ተገልብጦ ነው የተሰፋው፣ ውስጡ ወደ ውጪ። ወንድ ልጅ ማንገቻ አይሰፋም። ሴት ናት። እሷም ብትሆን ሙያ የሌላት ሴት፣ የጨርቅ ፊትና ጀርባ የማትለይ! በልቧ እንደዚህ ብላ ተሳደበች፣ ግን ስድቡ አላሞቃትም።

ነገሩን ያባሰችው ፀጉር ሠሪዋ ናት። ግድግዳ ነው የሚጋሩት፤ ወሬ ደግሞ እጇ ከገባ አታሳድርም።

«እትዬ፣ ነገር መውደድ አይሁንብኝና...»

«ነገር መውደድማ ነው። ቀጥይ።»

«ጋሼን አየኋቸው። መናኸሪያው ጥግ፣ አውቶቡሱ ባዶውን ቆሞ፣ በሩ ተዘግቶ። የኋላ ወንበር ላይ ከሴት ጋር ተቀምጠዋል።»

«ከምን ዓይነት ሴት?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁት፣ ኮፍያ አድርጋለች። ወጣት ናት፣ ወገቧ እፍኝ አይሞላም። ደግሞ እትዬ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እጃቸውን ይዛቸው ነበር። ጣት በጣት!»

«ትኬት እየቆረጠላት ይሆናል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ፊቷን ሳታነሳ።

«ትኬት በጣት ነው እንዴ የሚቆረጠው?»

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የአንድ ደንበኛ ሱሪ ላይ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋችው። ስትፈታው ውላ ስትፈታው አመሸች።

ሐሙስ ልጇ ጋ ስትሄድ ገና ከበሩ ነው የጀመረችው። «አባትሽ ሴት ይዟል።»

ልጅቷ የጠጣችው ሻይ ትን አላት። ሳል ነው ሳቅ ነው አይለይም፤ ፊቷ ቀላ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ኧረ አልሳቅኩም እማ! አባ? ሴት?»

«ጊታር የምታስተምረው እሷ ናት መሰለኝ። ማንገቻም ሰፍታለታለች። እንዴት ብዬ ላውጣጣው? ሲዋሽ እንኳን ዓይኑ አይርገበገብም እኮ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እየመታ እያለ አናግሪው» አለች። «ጀማሪ ሰው ጊታር እየመታ ማውራት ይከብደዋል። አፍ ሲከፈት እጅ ይቆማል። ለዚህ እኮ ነው እየመቱ መዝፈን የሚከብደው። እውነት ከሆነ ይወጣለታል፣ አያስብበትማ። ውሸት ግን ማሰብ ይፈልጋል። እጁን እዪው።»

እናትየው ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የሆነ ነገር ቅር ብሏታል። «ያ የሰፋሁልሽ መጋረጃ አጠረሳ?»

«ታጥቦ ገብቶ ነው።»

ያ ጨርቅ እንደዚያ የሚገባ ጨርቅ አልነበረም። ግን ልቧ መናኸሪያው ጋ ስለነበር አለፈችው።

ማታ ባልየው ጊታሩን ሲያነሳ እሷም መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እግሯ መርገጫውን ይረግጣል፣ ዓይኗ እጁ ላይ ነው።

«ምሳ በላህ?»

«በላሁ።» እጁ ትንሽ ተንገዳገደና ቀጠለ።

«አውቶቡሱ ተጠገነ?»

«ተጠገነ።» ቀጠለ።

«የሚያስተምርህ ማነው?»

«አንድ... የጋራዡ ልጅ።»

እጁ ቆመ። ክሮቹ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። የጋራዡ ልጅ! ወገቡ እፍኝ የማይሞላ የጋራዥ ልጅ!

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ማታ ማታ ችሎት ሆነ። «ዛሬ የት ዋልክ?» «መስመር ላይ።» እጁ ይሄዳል። «ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣኸው?» «አዎ።» እጁ ይቆማል። እሱ ጥያቄውን የሚጠላ አይመስልም፤ እንዲያውም አንዳንዴ «ሌላ ነገር ጠይቂኝ እስቲ» ይላታል። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። የትኛው ወንድ ነው ጠይቂኝ የሚል?

አንድ ሰሞን ስታስተውለው እጁ እየተፈታ ነው። «ቁልፉን የት አደረግከው?» ስትለው ሳያቋርጥ ይመልሳል። ማንጎራጎርም ጀምሯል። መጀመሪያ ድምፁ እጁን ተከትሎ ይቆራረጥ ነበር፣ ድንጋይ መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና። አሁን አሁን ለስለስ ብሏል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት፦ ይሄ ሰውዬ በዚሁ ከቀጠለ እየመታ መዋሸትም ሊለምድ ነው! ቶሎ ካልያዘችው የቀራት አንድ መያዣ ከእጇ ሊወጣ ነው።

በማግስቱ አፈጠጠችበት። «እኔን የምትደብቀኝ ነገር አለ?»

«የለም» አለ። እጁ ንቅንቅ አላለም። ታች ላይ፣ ታች ላይ፣ እንደ ሰዓት።

አለቀላት። እውነቱን ይሁን፣ ለምዶት ይሁን፣ በምን ይታወቃል?

እሱ ሊታጠብ ሲገባ ጊታሩ ወንበር ላይ ቀረ። ብድግ አለችና ትልቁን መቀስ ይዛ ሄደች። ያንን ተገልብጦ የተሰፋ ማንገቻ ልትቆርጠው። ጫፉን ያዘችና መቀሱን ከፈተች። ጨርቁ እጇ ላይ ተገለበጠ።

ውስጡ ቢጫ ቅጠል ታትሞበታል።

ጠርዙን አየችው። መኪናዋ የቆየ ስለሆነ ጨርቁ ደረብ ሲልበት ስፌት ይዘላል። እሷ ሁሌ በእጇ ትመለስና በድርብ ክር አስራ ታልፈዋለች። ቋጠሮው ይኸው። የራሷ ቋጠሮ። የልጇ መጋረጃ ነው፣ ታጥቦ የገባው!

መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ኮፍያ ያደረገችው፣ ወገቧ እፍኝ የማይሞላው፣ ጣቱን ይዛ ክር ላይ የምታስቀምጠው... እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። ልትጮህ ነበር፣ «ይዤሃለሁ!» ልትለው። ግን በምን አወቅሽ ቢላትስ? መጋረጃውን መቼ ሰፋሽላት ቢላትስ? ሌባን ሌባ ብላ ልትጮህበት ስትል የራሷ ኪስ ከበዳት።

ወጥቶ ፀጉሩን እያደራረቀ ተቀመጠ፣ ጊታሩን አነሳ። እሷ መርገጫዋን መርገጥ ጀመረች። እንደ ቀልድ ጣል አደረገችው።

«ማንገቻው ያምራል። ማን ነው የሰፋው?»

እጁ አልቆመም።

«አንቺ» አለ።

የእሷ እግር ነው የቆመው።

«ሐሙስ ሐሙስ ልብስ የምታደርሺላት ደንበኛሽስ ደህና ናት?» አለ እየመታ። አሁንም አልቆመም! ክሩ መርፌው ላይ ተበጠሰባት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ክፍሏ ስገባ። መጋረጃው የአንቺ መሆኑን አጥቼው ነው? ሃያ ዓመት ሱሪዬን ማን ይሰፋል?» ጊታሩን አስተኛው። «አንድ ቀን አውቶቡሴ ላይ ተሳፈረች፣ ከነጊታሯ። ስትወርድ ‹ደህና ዋል አባ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አልታይ አለኝ። ክፍሏ ሄጄ ቤት ግቢ አልኳት። ያንቺ ልጅ ደግሞ! ‹የቦዘኔ ሥራ ነው ብለሃል። እስቲ አንድ ዘፈን እየመታህ ሳታቋርጥ ዝፈን። ያን ቀን ከነእንጨቴ እገባለሁ› አለችኝ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ባይሳካልኝስ? ሁለት ጊዜ ከምታለቅሺ ብዬ ነው።» ጣቶቹን አየ፣ ጫፋቸው ጠጥሯል። «አሁንም አንድ ቦታ ይጥለኛል። ‹በሩ ሳይዘጋ ልድረስ› የሚለው ጋ። ዘፈኑን የደረሰችው እሷው ናት። እዚያ ላይ ጣት መቀየር አለ፣ ድምፅም ከፍ ይላል፣ እኔ ደግሞ... እዚያ ጋ እጄ ይቆማል። ነገ አይደል የምትመጣው፣ ደጅ ቆማ ልትሰማ።»

«ነገ! ደግሞ አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ፍሬቻ ነው እንግዲህ፤ ምን ይባላል።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። ደፉ ላይ ቆመች፣ ጊታሯን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ኮፍያዋን እንዳደረገች። አልገባችም። ፀጉር ሠሪዋ ኮፍያውን ስታይ የያዘችውን ማበጠሪያ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፣ ደንበኛዋም ፀጉሯ ግማሹ እንደተበተነ ተከተለቻት።

«ጀምር» አለች ልጅቷ።

ሹፌሩ ጀመረ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ እጁም የሹፌር እጅ ነው፣ ግን ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፣ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ እጁ ሊቆም ፈለገ። እሷ እግሯን አላስቆመችም። ታክ ታክ ታክ፣ በልኩ፣ ልክ እሱ እንደሚመታው። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። እጁ እግሯን ተከተለ፣ አፉም እጁን። «በሩ ሳይዘጋ ልድረስ» አለና አለፈው። እስከ መጨረሻው ሄደ።

ልጅቷ ኮፍያዋን አወለቀች። ፀጉር ሠሪዋ ከውጪ «ውይ! ልጅቷ ነች እንዴ!» ስትል ተሰማ፣ ቅር ያላት ነው የምትመስለው።

ልጅቷ ከነጊታሯ ደፉን ተሻግራ ገባች። አባትየው ጊታሩን እንዳቀፈ ቀረ። እናትየው ብቻ ነች የተነሳችው። ማንገቻውን ከትከሻው ላይ አነሳችና ገልብጣ ቢጫውን ቅጠል አሳየቻት።

«ለመሆኑ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ይሄን የመሰለ መጋረጃ ማን ቁረጪው አለሽ?»