በሟች ስም የተከራየሁት ቤት

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአከራዬ ጋር የኪራይ ውል ልናስመዘግብ ወረዳ ሄድን። ሳቢያን ሰፈር፣ እሷ ግቢ ውስጥ ባለው ባለሁለት ክፍል ቤት ከልጆቼ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ወረቀት አልነበረንም። አሁን ውል ሁሉ ተጽፎ ይመዝገብ ተባለ። እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

አከራዬ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። «ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። እሷ «አባዮ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው።

መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ነች። «ኪራዩ የተጀመረበት ቀን?» አለች።

«ትንሿ ልጄ ክርስትና በተነሣች በሳምንቱ» አልኩ።

«ኧረ አይደለም!» አለች ኤዶ። «ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ቤቱን ቀለም ያስቀባሁት ለዚያ ነዋ!»

«እናቶቼ፣ እኔ የምፈልገው ቀን፣ ወርና ዓመት ነው።»

«አንቺ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርሽ፤ ምኑን አውቀሽ ነው የምታርሚን?» አለቻት ኤዶ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። መዝጋቢዋም እየሳቀች የቤቱን ካርታ ተቀበለች። አየችውና ሳቋን አቆመች።

«ይሄ የማን ስም ነው?»

«የባሌ።»

«እሳቸው የት አሉ?»

«አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ሰባት ዓመቱ።»

ያላሰብነውን የሰማነው ያኔ ነው። ካርታው በሟች ስም እስካለ ድረስ ኤዶ አከራይ ሆና መፈረም አትችልም። መጀመሪያ እሷና ልጆቿ የሟች ሚስትና ወራሾች መሆናቸውን ፍርድ ቤት በምስክር ማረጋገጥ አለበት። «ይሄ ሳይኖር አንድ ሰው ቤቱ ይገባኛል ብሎ ቢመጣ» አለች መዝጋቢዋ፣ «ሁለታችሁም የምታሳዩት ነገር የላችሁም።»

ኤዶ ፊቷ ተለዋወጠ። የባሏ ወንድም ከጅቡቲ እየደወለ «የወንድሜን ቤት እንሽጠው» ማለት ከጀመረ ወራት አልፎታል። ቤቱ ከተሸጠ እሷም እኔም ከነልጆቻችን መውጣታችን ነው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኋት። ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። እሷ በንግዷ አንዲት ደረሰኝ የማትጥል ሴት ናት።

«ኤዶ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ለምን ሳታዞሪው ቀረሽ?»

ባጃጁ ሐዲዱን ሲሻገር መለሰችልኝ።

«ቆጣሪ አንባቢው በር ላይ ቆሞ የሱን ስም ይጠራል። እኔም አቤት እላለሁ። ውሃም፣ ግብርም በሱ ስም ነው። ካርታውን ካዞርኩት ማን ይጠራዋል?»

የምላትን እግዚአብሔር አመጣልኝ።

«ወደ ልጆቹ ሲዞርኮ የአባታቸው ስም አብሮ ይጻፋል። ከእያንዳንዳቸው ስም ቀጥሎ እሱ አለ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ወላሂ?»

«እውነቴን ነው።»

ጣቷን አጥፋ ቆጠረች። «አራት ጊዜ» አለች። ከዚያ፣ «ምስክር ያስፈልጋል ብላለች አይደል ልጅቷ? አንቺ ትሆኚልኛለሽ?»

እሺ አልኳት፤ ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ። ተከራይ ለአከራዩ መመስከር ይችላል? ቤቱ እንዳይሸጥ የምፈልገው ለራሴም ብዬ አይደለም ወይ? ማታ ስጸልይ ያየሁትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ታሞ በተኛበት ወር ማን እንዳስታመመው አይቻለሁ። አራቱም ልጆች «አባ» ሲሉት ሰምቻለሁ። የቀረውን ዳኛው ይመዝን አልኩ። ያለ አንዲት ፊርማ ዐሥራ አንድ ዓመት በሰላም ስላሳደረኝም አምላኬን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ኤዶ ቀድማኝ ተቀምጣለች። ጸሐፊው የምስክሮች ዝርዝር ላይ ደርሶ «ሟችን በምን ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ።

«ተከራያቸው ነኝ» አልኩት። ጻፈው፤ እኔም አንብቤ ሙሉ ስሜን አስሞላሁ።