ሙዝ የደገፍኩበት የከረንቡላ ዱላ

የፑል ኳስ ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር ለምን ዝም እንደምል ንገሪን አሉኝ፣ የልጅ ልጆቼ። እሺ፣ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ወንድሜ ማጆ ወደ ሰሜን ሊዘምት ሲሄድ ኳስ የሚመታበትን የከረንቡላ ዱላውን አደራ ሰጠኝ። ልጅ አይደለሁ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ዘለላው የከበደውን ሙዛችንን ደገፍኩበት። ዱላው በዝናብና በሙዙ ክብደት ጎበጠ። ማጆ መጥቶ እንዳያየው ብዬ እያለቀስኩ አናጢው ጋሽ ዳና ዘንድ ሮጥኩ።

ጠረጴዛ ላይ አንከባለለው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

«ማጭድ አደረግሽው እኮ!» አለኝ። «ግን እንጨቱ ደግ ነው፣ ይቃናል።»

ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሮ ከጣሪያው ሰቀለው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ «ገና ነው፣ አትቸኩይ ልጄ» ይለኛል።

አንድ ቀን እኔ «ቀጥ ብሏል እኮ!» ስለው ፊቱን አዞረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጋሽ ዳና ባለቤት ነገረችኝ። አብሮ የዘመተው ልጃቸው የማጆን ሞት የጻፈላቸው፣ እኔ ዱላውን ይዤ ከመሄዴ በፊት ነበር። ለካ «ገና ነው» እያለ ያቆየኝ መርዶውን መንገር ከብዶት ነው።