ላልታየ መስኮት የተሰፋ መጋረጃ

እትዬ አማረችን ለምታውቁ ሁሉ፦ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ያለችው የስፌት ቤት ጨልማለች። እትዬ ባለፈው ሳምንት፣ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን በሸፈነበት ማለዳ፣ በተኙበት ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ዛሬ ተበታትነን ስለምንኖር ያልሰማችሁ ትኖራላችሁና ይህን ጻፍኩላችሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ሳላብራራ ማለፍ አልችልበትምና ታገሡኝ።

እትዬ መጋረጃ ሰፊ ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ ሲመሽ ጨርቁን ጠቅልለው አግዳሚ ወንበር ያወጡልንና መጽሐፍ ቅዱስ እናነብ ነበር። የተሰፉት መጋረጃዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ስለሚቆዩ፣ ነፋስ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ቃሉ ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰማያዊና ቢጫ ጨርቅ በዓይኔ ላይ ይወዛወዛል።

ከዚያ ሰፈራችን እንደሚፈርስ ተነገረን። መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ እንቅልፍ አጣች፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ኮተቤ አንድ የኪራይ ቤት አገኘች። ያ ካመለጠን ሌላ አልነበረንም።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ፣ እትዬ ቤት ለንባብ ተሰብስበን ሳለ፣ ባለ ሱቁ ጎረቤታችን፣ ወንድም ካሳሁን፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፉን ገልጦ፣ ጣቱ ያረፈበትን ቃል እንደ መልስ ወስዶ ነበር። በጭንቅ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ጣቱ ያረፈው ነቢዩ ኤርምያስ ለምርኮኞች በላከው መልእክት ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ወደ ስፍራቸው እንደሚመልሳቸው ከሚናገረው ላይ።

«አንነሣም ማለት ነው! ከእንግዲህ ቤት መፈለግ እምነት ማጣት ነው» አለ።

እናቴ እልል አለች። «በቃ፣ የኮተቤውን ነገ አልፈልግም እላቸዋለሁ!»

እትዬ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ካሳሁን፣ ይህ ጣትህ ትናንት ቲማቲም መርጦልኝ ግማሹ የበሰበሰ ነበር።»

«እትዬ ደግሞ! ይሄን እኮ የመራው መንፈስ ነው።»

«እንግዲያው ከላይ ያለውንም እሱው ነው ያጻፈው። አንቺ መምህርቷ፣ ከምዕራፉ መጀመሪያ አንብቢልን።»

አነበብኩ። መልእክቱ ምርኮኞቹን በሄዱበት ቤት ሠርታችሁ ኑሩ፣ ተክላችሁ ብሉ፣ ለዚያች ከተማም ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። መመለሱ ከሰባ ዓመት በኋላ ነው።

«ሰባ ዓመት ትጠብቃለህ፣ ካሳሁን?»

«ሱቁን ማን ይዞልኝ!» አለ፤ ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ምን አለን፣ እትዬ? ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?»

እትዬ ወደ ስፌት መኪናቸው ዞረው ትንሿን አምፖል አበሩ። «ይህቺ መርፌው የሚያርፍበትን ብቻ ነው የምታሳየኝ። መጋረጃውን ሙሉውን በእሷ ብርሃን አይቼው አላውቅም፤ ግን ስንቱን ጨረስኩበት! ቃሉ የት እንደምታድሪ አልነገረሽም። የትም ብታድሪ እንዴት እንደምትኖሪ ነግሮሻል።» ከዚያም ካሳሁንን በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው «ከምዕራፍ ላይ ቁራጭ ቀዶ የሚለብስ ሰው ይበርደዋል» አሉ።

እናቴ በማግስቱ የኮተቤውን ቤት ተከራየች። ካሳሁንም ትንሽ አኩርፎ ሰነበተና ጉርድ ሾላ አካባቢ ቤት አገኘ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ከሰፈሩ ለሚነሣው ሁሉ መጋረጃ መስፋት ያዙ። «በባዶ መስኮት የሚያድር ሰው አዲሱን ቤት አይለምደውም» ይሉ ነበር። የእኛን ሲሰፉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ የቤቱን ቁልፍ ገና አልተቀበልንም ነበር።

«ልኩን ሳያውቁ እንዴት ይሰፉታል?» አልኳቸው።

«ትርፍ እተውበታለሁ።» ጠርዙን ሰፋ አድርገው ወደ ውስጥ አጠፉት። ትርፍ ማለት መስኮቱ ረጅም ከሆነ ተፈትቶ የሚለቀቅ ጨርቅ ነው። «ያላየሁትን መስኮት አልፈራውም፤ ልኩን የሚያውቅ አለ» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

የራሳቸው ቤት ተራው ሳይደርስ አረፉ። ከየሰፈሩ መጥተን ስንሸኛቸው፣ ሳይጨርሱት የቀረው ነጭ መጋረጃ ከጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ይተነፍስ ነበር።

እትዬ፣ የኮተቤው መስኮት ረጅም ነው። ጠርዙን ፈታሁት፤ ጨርቁ ወርዶ የመስኮቱን ደፍ ነካ። ረቡዕ ረቡዕ ካሳሁን እኛ ጋ ይመጣል፤ ከምዕራፉ መጀመሪያ ያነባል፤ ጣቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ። እናቴም አሁን ሌሊቱን እንቅልፏን ትተኛለች። ማለዳ ጉሙ ከተራራው ሲወርድ መጋረጃዎ ይነሣና ይወድቃል፤ እኔም በሕልምና በንቃት መካከል ሆኜ የስፌት መኪናዎን ድምፅ እሰማለሁ። እርስዎ ሙሉውን ጨርቅ በሙሉ ብርሃን ወደሚያዩበት ገብተዋል። እኛ ገና መርፌው የሚያርፍበትን እያየን እንሰፋለን። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ፤ ትርፉን አልቆረጥነውም።