ትርንጎ ፍለጋ ሸጎሌ

ደሳለች አዲሱ ገበያ ውስጥ ቅቤና የቅቤ ቅመም ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ለጋውን ከበሳሉ በማሽተት ብቻ ትለያለች። ደንበኛ ሲያጉረመርም እሷው ቀድማ ትስቅና ነገሩን ታበርደዋለች። ቅዳሜ ግን መደቧ ባዶ ነው። ጎረቤቶቿ ስለለመዱት ለጠየቀ ሁሉ "ዛሬ ሰንበቷ ነው፣ ነገ ና" ይሉታል። እሷ በዚያ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሽሮ ሜዳ ጀርባ ባለችው ትንሽ ምኩራብ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

የመጨረሻው ወንበር የራሷ ምርጫ ነበር። ዕብራይስጡን አታነብም፤ አጥርታ የምታውቀው "አሜን"ን ብቻ ነው። እሱንም ያለ ቦታው እንዳታስገባ ስለምትሰጋ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ትለዋለች።

ባለፈው ግንቦት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይኗን ጋርዶት የነበረው ሞራ በቀዶ ጥገና ተነሣላት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የነርሷን ጥርስ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ፍንጭት ነሽ እንዴ!" ብላ ክፍሉን ሳቅ በሳቅ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። እንዲህ ተደርጎላት ዝም ብላ ልትቀመጥ ነው?

የዳስ በዓል ሲቃረብ የምኩራቡን መሪ መምህር ያዕቆብን በር ላይ አቆመችው።

"መምህር፣ ለበዓሉ ሥራ ይስጡኝ።"

"እትዬ ደሳለች፣ እርስዎማ ገና ከሕመም የተነሡ ነዎት። ቁጭ ብለው ያክብሩ።"

"ቁጭ ማለቱንማ ስንት ዓመት ተካንኩበት! በዓሉ የመከር ነው ይሉናል። ገበሬው እህሉን አስገብቶ ያመሰግናል። እኔ መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ የዘንድሮ አዝመራዬ ዐይኔ ነው። ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ?"

ያዕቆብ ጢሙን እያሻሸ "እስቲ እናያለን" አላት። "እናያለን" ማለት እንቢ ማለት መሆኑ ገበያ ለኖረ ሰው አይጠፋውም። ተቀይማ ሄደች።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ግን ያዕቆብ ራሱ መደቧ ድረስ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። በበዓሉ በእጅ ተይዘው ምስጋና የሚቀርብባቸው አራቱ ዕፅዋት በየዓመቱ ከውጭ አገር ነበር የሚመጡት። ዘንድሮ ይዟቸው ሊመጣ የነበረው ሰው ጉዞውን ሰርዟል።

"ዘንባባውንና የወንዝ ዳሩን አኻያ አግኝተናል" አላት። "ሀዳስና እትሮግ የሚባሉት ናቸው የጨነቁኝ። እርስዎ ገበያውን ስለሚያውቁ ነው የመጣሁት።" ስልኩን አውጥቶ ሥዕላቸውን አሳያት።

ያዕቆብ የከተማ ልጅ ነው፤ ዕፅዋቱን የሚያውቃቸው በካርቶን ታሽገው ሲመጡ፣ በዕብራይስጥ ስማቸው ብቻ ነበር። ደሳለች ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ አየችና እጇን በእጇ መታች።

"ይኼማ አደስ ነው! አሁን ክንድዎን ያሳረፉበት ጆንያ ውስጥ ምን ያለ ይመስልዎታል? የአገር ሴት ከቅቤ ጋር ቀምማ ጠጉሯን የምትቀባው አደስ! ይኼኛውስ... ትርንጎ እኮ ነው!"

ያዕቆብ ክንዱን ከጆንያው ላይ ብድግ አደረገ። "ግን እርጥብ መሆን አለበት። ቅጠሉም ከአንድ አንጓ ሦስት ሦስት እየሆነ የወጣ" አለ፣ አሁንም እየሰጋ።

"እሱን ለእኔ ይተዉት።"

በማግስቱ ከሱሉልታ እርጥብ አደስ የምታመጣላትን ሴት ሸክሟን አስዘረገፈቻትና ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ስትለቅም ዋለች። "ሁለት ነው፣ አይሆንም። አራት፣ አይሆንም። ሦስት! ና ወዲህ!" እያለች ከአደሱ ጋር ስታወራ ገበያተኛው እየቆመ ያያት ነበር።

ትርንጎው ግን ከገበያ ጠፋ። ቢቸግራት የቆየች ደንበኛዋ ሰርካለም ትዝ አለቻት። የሰርካለም ባል በሕይወት ሳለ ከባሕር ዳር ያመጣው ትርንጎ ሸጎሌ ጓሯቸው ውስጥ አለ። ስትደርስ ዛፉ ላይ የቀረው አንድ ፍሬ ብቻ ነው።

"ለእህቴ ብዬ ያቆየሁት ነበር" አለች ሰርካለም። "ለምንሽ ነው?"

ደሳለች ከዐይኗ ጀምራ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሰርካለም የሰንበቴ ማኅበርተኛ ናት፣ ማርያምን ሳትጠራ አትውልም። ሰምታ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

"ኦሪቱ እኮ እኛም ጋ ይነበባል። ውሰጂው። እህቴን በሎሚ አታልላታለሁ።"

"አናቱ ላይ ያለችው እንቡጥ እንዳትሰበር! ከተሰበረች አይሆንም ብለውኛል መምህር ያዕቆብ" አለች ደሳለች።

ሁለቱ ሴቶች ወንበር ላይ ወንበር ደርበው፣ አንዷ እየደገፈች አንዷ እየተንጠራራች፣ ፍሬውን እንደ እንቁላል አወረዱት። ደሳለች በጥጥ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ "እናቴ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለአንድ ሰው!" ቢላት "እኔ ብጠጋ እሱ አይጠጋም!" አለችና ሰዉን አሳቀችው። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት።

በበዓሉ ጧት ምእመናኑ በምኩራቡ ግቢ በተጣለው ዳስ ተሰበሰቡ። ያዕቆብ ዘንባባውን፣ አኻያውንና አደሱን በአንድነት አስሮ፣ ትርንጎውን በሌላ እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተመለከተ።

"እትዬ ደሳለች፣ ይቅደሙ። ያን ቀን ቁጭ ይበሉ ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ።"

ደሳለች ወደ ፊት ወጥታ ዕፅዋቱን ተቀበለችው። እሱ አንድ ቃል ሲል እሷ ተከትላ አንድ ቃል እያለች ቡራኬውን ጨረሰች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት በራሷ አማርኛ "ጌታዬ፣ አየሁ እኮ! ተመስገን!" አለችና ዕፅዋቱን በአራቱም ማዕዘን ወዘወዘች። "አሜን"ን በዚያን ቀን ያለው ሕዝቡ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰርካለም በፌስታል የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ይዛ መጣች። ገና ከመቀመጧ የመስከረም መገባደጃ ካፊያ በቅጠሉ ጣራ አልፎ ጠብ ጠብ ይልባት ጀመር።

"ይኼን ጣራ የሠራው ማነው? ያፈሳል እኮ!"

"ሰማይ እንዲታይበት ሆን ተብሎ ነው የሳሳው" አለቻት ደሳለች።

ሰርካለም ቀና ብላ አየች፣ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈ። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ "እንግዲያውስ በቆሎው ሳይቀዘቅዝ አድዪው" አለች።