በሽምብራ የተሠራው ካርቦኔት

ባለፈው ሳምንት ከለቡ መብራት ኃይል በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ በአንድ ካርቦን ዙሪያ ሦስት ኦክስጅን ትስል ነበር። አንዱን በድርብ፣ ሁለቱን በነጠላ መስመር አገናኘች፤ የኤሌክትሮን ነጥቦቹን ደረደረችና ደብተሯን ዘጋች። አንድ ሥዕል ብቻ ስላ ተወችው! ልናገራት ስል ሀይሌ ጋርመንት ላይ ወረደች።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ዛሬ ለቡ ላይ ያ ሁሉ ሕንፃ የቆመበት መሬት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። መጋቢት ላይ ዝናብ ከጣለ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። አባቴ ላፍቶ ላይ ጨውና ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የክፍሉም አንደኛ። ይህንን ማንም እንዲረሳብኝ አልፈልግም ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው ታደለ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ከሰሜን ግንባር ቀኝ እጁን አጥቶ የተመለሰ ወታደር ነበርና «ጋሼ» እንለዋለን። በግራ እጁ መጻፍ ገና እየለመደ ነው። ተሳስቶ በላጲስ ሊያጠፋ ሲል ወረቀቱ ይሸሸዋል፤ የሚይዝበት ሌላ እጅ የለውም። ስለዚህ አቶሞቹን በትልልቁ ይጽፍና ኤሌክትሮኖቹን በሽምብራ ቆሎ ይደረድራል። ሲሳሳት ሽምብራውን ገፋ ማድረግ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ አብረን እንበላዋለን።

ማትሪክ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለማጠናከሪያ ትምህርት ገና እንደተቀመጥን፣

«ሙኒራ፣ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም» አለኝ። «የዘበኝነት ሥራ አግኝቻለሁ። በዚህ እጅ ፈተናውን በሰዓቱ አልጨርስም።»

ይህን እንዳለኝ መምህራችን ገቡ። በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በካርቦኔት ውስጥ ካርቦንን ከኦክስጅን ጋር የሚያያይዘው ቦንድ የቱ ጋ ይበልጥ እንደሚጠነክር ጠየቁን። ወደ ሰሌዳው ወጥቼ ሳልኩ።

«ሞኖክሳይዱ ሦስት መስመር ስላለው ይበረታል፤ ዳይኦክሳይዱ ይከተላል። ካርቦኔት ግን አንድ ጠንካራና ሁለት ደካማ አለው» አልኩ በኩራት።

«ሲለካ ግን» አሉ መምህሩ፣ «የካርቦኔት ሦስቱም እኩል ናቸው።»

ነጥቦቼን ደግሜ ቆጠርኩ፤ አልጎደሉም።

«መምህር» አለ ታደለ ቀስ ብሎ፣ «ድርቡን ወደየትኛውም ኦክስጅን ባዞረው ያው ነው የሚመጣው።»

ዴስኩን ከበብነው። ከአንዱ ኦክስጅን ጥንድ ሽምብራ ወደ ቦንዱ ገፋ፤ ከድርቡ ደግሞ አንዱን ጥንድ ወደ ኦክስጅኑ መለሰ። ድርቡ ቦታ ቀየረ። አሁንም ደገመው። ሦስት ሥዕል፣ አንዱም ከሌላው የማይበልጥ።

«ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው? ድርቡ እየዘለለ ነው?» አልኩ።

«አይዘልም» አሉ መምህሩ። «አንዱም ብቻውን እውነት አይደለም። ካርቦኔት አንድ ነው፤ በአንድ ሥዕል አልያዝ ያለው እኛን ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቦንድ ከነጠላው በርትቶ ከድርቡ የሚያንሰው።»

ኖራ ድንጋይ ካርቦኔት ነው፤ በየድንጋዩ ውስጥ ይህ ሁሉ ማንም ሳያየው ኖሯል ማለት ነው! ታደለን አየሁት። ግራ እጁን ከሽምብራው በላይ እንደያዘ ቀርቷል፤ መንካት የፈራ ይመስል ነበር። የዚያን ቀን ሽምብራ ማናችንም አልበላንም።

ሰኞ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አገኘሁት። ዘበኝነቱን ትቶታል። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን እየያዝኩለት አጠናን። በመጀመሪያው ማትሪክ ወደቀ። በዓመቱ አለፈና ገጠር ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆነ።

እኔ ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ተምሬአለሁ፤ ብዙም ለክቻለሁ። እንደዚያ ቅዳሜ ግን ማወቅ አስደንግጦኝ አያውቅም።