ማክሰኞ የተጣለ ድንኳን

እኔ ክፉ ወሬ አስቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ከአውቶቡስ ስወርድ በጎረቤቴ በአድማሱ ደጅ ድንኳን ተጥሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ አየሁ። ልጁ በሚሉኢም፣ በተጠባባቂ ጦር ጥሪ፣ ተጠርቶ ጦር ግንባር ነው። ገዴራ ከተማ ላሉት ቄሳችን ደውዬ መርዶውን ነገርኳቸውና እንደ ወጋችን ደረቴን እየደቃሁ፣ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያልኩ ገባሁ።

አድማሱ የጠላ ብርጭቆውን እንደያዘ ብድግ አለ።

"ፈንታ፣ ማን ሞተብህ?"

"ልጅህ..."

"ልጄ ጠዋት ደውሎልኛል፤ ደህና ነው።"

"ታዲያ ይኼ የምን ድግስ ነው?"

"የምንም። ማክሰኞ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ስደነግጥ ወራት አለፉ። የነገውን አላውቅም፤ ዛሬን ግን ለፍርሃት አልሰጥም። ተቀመጥ፣ እነዚህም እንዳንተ እያለቀሱ ነው የገቡት።"

ዓይናቸው የቀላ ስድስት ሽማግሌዎች ሳቁብኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዘፈን ሲከፈትም ትከሻዬ መከተል ጀመረ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳነሣ ከድንኳኑ ውጭ ዋይታ ተሰማ። ቄሳችን ነበሩ። ሮጬ ወንበር ሳብኩላቸው።

"ይቀመጡ አባ፣" አልኳቸው፤ "ማክሰኞ ነው።"